ቪ ኤይት

ጁባ ውስጥ «ቪ ኤይት» ሲባል ስለ ሞተር የሚያስብ ጥቂት ነው። ቶዮታ ላንድክሩዘር፣ የጠቆረ መስታወት፣ ከኋላ ወንበር ደግሞ ባለሥልጣን ወይም ጄኔራል ማለት ነው። አዲስ አበባም ብትሆን ከዚህ አትርቅም፤ «ቪ ኤይት ያዘ» ከተባለ ሰውየው ተሹሟል።

ቃሉ ግን ከጋራዥ የመጣ ነው። ስምንት ሲሊንደሮች አራት አራት ሆነው በሁለት ረድፍ ይደረደራሉ። ረድፎቹ ወደ ላይ ተከፍተው፣ ከታች አንዱን ዘንግ ያዞራሉ። ሞተሩ ከፊት ሲታይ «ቪ» የተባለውን የላቲን ፊደል ይመስላል። ፈረንሳዮች ቀድመው ሠርተውታል፤ በብዛት አምርቶ ስም ያሰጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1914 የአሜሪካው የቅንጦት መኪና ሠሪ ካዲላክ ነው።

ለጁባ የክረምት ጭቃ ግን ዝቅ ያለ ካዲላክ ምን ይሠራል? ክብሩ ወደ ላንድክሩዘር መዞሩ አይገርመኝም። የሚገርመኝ በ2021 የወጣው ላንድክሩዘር 300 ስምንቱን ትቶ በስድስት ሲሊንደር መምጣቱና ስሙ አለመውረዱ ነው። ስለዚህ ልትገዙ ከሆነ በሻጩ አፍ ብቻ አትመኑ፤ ኮፈኑን አስከፍታችሁ ሞተሩን በባለሙያ አሳዩ።