የዓርብ ገበያ ስንቅና የከተማ ኪራይ

«ከተማ ሁሉ ነገር በብር ነው፤ ውኃው እንኳ ይሸጣል። አገር ቤት ግን የራስህን በልተህ በራስህ ጎጆ ታድራለህ።» ይህን ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣነው ደግሞ ለዕረፍት በገባን ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ የምንሰማው እርሱኑ ነው። ንግግሩ ውሸት አይደለም፤ የከተማን ውድነት ለእኛ የሚነግረን አያስፈልግም። ነገር ግን ሒሳቡ ግማሽ ነው፤ የቀረውን ግማሽ ከታሪክ ፈልገን ለማየት ሞክረናል።

ከራሳችን እንነሣ። ዓርብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ከገበያ ቀኗ ነው። የገጠር ልጅ ከተማን የሚያውቀው እንደ እርሷ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ሦስት አራት ሆኖ አንዲት ክፍል ይከራያል፤ ቅዳሜ ወደ ወላጆቹ በእግሩ ሄዶ እሑድ ማታ እንጀራውን፣ ድርቆሹን፣ በሶውንና ሽሮውን ተሸክሞ ይመለሳል። ስንቁ «በነፃ» ነው ይባላል። ኪራዩስ? ኪራዩ የሚወጣው እናት ዓርብ ዕለት ይዛ ከምትወጣት ዶሮ፣ አባት ከጎተራው ቀንሶ ከሚሸጠው እህል ነው። ወፍጮ ቤት ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ ውኃ ከምንጭ በጀርባ ይመጣል፤ በሽተኛ በቃሬዛ ይወሰዳል። ታዲያ ምኑ ላይ ነው ርካሹ? በብር ስላልተጻፈ ነው እንጂ ሁሉም ይከፈልበታል፤ ከፋዮቹም በአመዛኙ እናቶቻችን ናቸው።

ወደ ኋላ መለስ እንበል። ነገሥታቱ ለረጅም ዘመን የሚቀመጡት በድንኳን ከተማ ነበር። ሰፈሩ ያረፈበት አገር እህሉና ማገዶው ሲመናመን ከተማው ተነሥቶ ይሄዳል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላም ልማዱ ጨርሶ አልጠፋም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖል የተባለውን 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ እያስጎተቱ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ተጓዙ። መንገዱን እየጠረጉ መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ሆነ። ስለ መድፉ ብዙ ተጽፏል። ያን ሁሉ ወታደርና ጓዝ በየሰፈረበት ማን አበላው የሚለው ግን እምብዛም አይነሣም። የዚያ ዘመን የበጌምድር ገበሬ ወደ ከተማ መሄድ አላስፈለገውም፤ ከተማ ራሷ በእግሯ መጥታ ትበላው ነበር።

መዞሩ ያበቃው በአዲስ አበባ ነው፤ ያውም በአንድ ዛፍ ምክንያት። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ከተማ ጥቂት ዓመታት ሳትቆይ የዙሪያዋን ደን ጨረሰች። ዐፄ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። ባሕር ዛፍ በፍጥነት አድጎ ማገዶና ማገር ባይሆን ኖሮ ዛሬ የቤት ኪራይ የምናማርረው አዲስ ዓለም ላይ ሆነን ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ቆመች፤ መንቀሳቀስ የጀመረው እህሉ ነው።

በ1967 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ታላላቅ አዋጆች ወጡ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የቤት ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ለድኻው ከተሜ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ማንም ሊክደው አይገባም። እህሉንም ለማርከስ በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በተወሰነ ዋጋ እየገዛ በየቀበሌው ሱቅ አከፋፈለ። ኮታው በተለይ የከበደው እንደ ጎጃም ባሉ ትርፍ አምራች አገሮች ነው። ኮታ አልሞላ ያለው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረክብ ነበር። እስከ መጋቢት 1982 ዓ.ም. ድረስ የከተማው ዳቦ ርካሽ የሆነው ልዩነቱን ገበሬው ስለከፈለ ነው።

በ1977 ዓ.ም. የሆነውን ደግሞ ወላጆቻችን ያውቁታል። መስከረም 2 ቀን አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በአሸብራቂ በዓል ስታከብር ረኃብ አገሩን ይዞ ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ፣ በእኛው አካባቢ በእብናት መጠለያ የነበሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ረኃብተኞች «ወደ አገራችሁ ሂዱ» ተብለው ተበተኑ፤ ጎጇቸውም ተቃጠለ። ልብ በሉ፤ በዚያ ዘመን በብዛት የሞተው እህል የሚገዛው ሳይሆን እህል የሚያመርተው ነው። «የራስህን ብላ» የሚሠራው የራስህ ሲኖር ብቻ ነው። ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል መሆናቸውም ያለ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ እኛ። በርስት ዘመን አዲስ አበባ የኖረ የበጌምድር ሰው ከተማው ሲመርረው የዘር ሐረጉን ቆጥሮ ድርሻዬን ስጡኝ ማለት ይችል ነበር። ሙግቱ ዕድሜ ይፈጅ እንደሆነ እንጂ በሩ አልተዘጋም። ከአዋጁ ወዲህ መሬት እዚያው ለሚኖርና ለሚያርስ ነው፤ ይህም በራሱ ፍትሕ አለው። በክልላችን ሰፊው ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሕፃን የነበረው ወይም ገና ያልተወለደው ልጅ የሚጠብቀው የአባቱን ማሳ ቁራጭ ነው፤ እርሱንም ከወንድምና ከእኅቶቹ ጋር ተካፍሎ። ስለዚህ ብዙዎቻችን በውዱ ከተማና በርካሹ ገጠር መካከል እየመረጥን ነው መባላችን ትክክል አይደለም። በከተማው በኩል ደግሞ ኪራይን የሚቆጣጠር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። እኛ ደባል ሆነን በቃል ውል የምንኖረው ግን የአዋጁን ስም ከሬዲዮ ነው የሰማነው።

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዱ ይህንኑ ሁሉ ለአባቱ ዘርዝሮ አስረዳ፤ ከጎንደር ጀምሮ እስከ ሽግሽጉ። አባቱ በትዕግሥት ሰምተው ሲጨርሱ፣ «አሁን ኪራዩ ስንት ገባ አልኸኝ?» አሉት። ነገራቸው። ዞር ብለው እናቱን አዩ። እናቱ ደግሞ ግቢው ውስጥ የምትጭረውን ዶሮ አየች፤ ማግሥቱ ዓርብ ነበር።