የሪል ቴፕ መቅረጫ ጥገናና ልኬት

የሪል ቴፕ መቅረጫ ጥገና ከአንድ ጥቅልል ወደ ሌላ በሚሄድ ማግኔታዊ ክር ድምፅ የሚቀዳና የሚያጫውት አሮጌ መሣሪያን ወደ ሥራ የመመለስና በልኩ የማስተካከል ሙያ ነው። በቤታቸው የሚጠግኑ ሰዎች በብዛት ከሚያውቋቸው ማሽኖች አንዱ በስዊዘርላንድ የቪሊ ስቱደር ኩባንያ በ1967 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሪቮክስ ኤ77 ነው። ሦስት ሞተርና ሦስት ሄድ (ማጥፊያ፣ መቅጃና ማጫወቻ) አለው፤ የተለመደው ዓይነት ክሩን በሰከንድ 9.5 ወይም 19 ሴንቲሜትር ያስኬዳል።

ከመሰካቱ በፊት

ለዓመታት ተቀምጦ የቆየ ማሽን በቀጥታ ሶኬት ላይ አይሰካም። በዚያ ዘመን ማሽኖች ውስጥ በኃይል መስመሩና በሞተሮቹ ዙሪያ የሚገኙ የወረቀት ካፓሲተሮች ሽፋናቸው ተሰንጥቆ እርጥበት ይስባሉ፤ ኃይል ሲያገኙ ያጨሳሉ፣ አንዳንዴም ይፈነዳሉ። ስለዚህ አስቀድመው በአዲስ ይተካሉ። በኃይል መስመሩ ላይ የሚገባው ለዚሁ የተሠራው ኤክስ2 ደረጃ ያለው እንጂ ተራ ካፓሲተር መሆን የለበትም። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ኃይል ሊይዙ ስለሚችሉ፣ ከመነካታቸው በፊት በመልቲሜትር ይለካሉ።

ጽዳት

ሄዶቹና ክሩ የሚያልፍባቸው ብረቶች በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጸዳሉ። ቀጥሎ በዲማግኔታይዘር የቀረው ማግኔት ይወገዳል፤ ማግኔት የያዘ ሄድ በላዩ የሚያልፈውን ክር ቀጫጭን ድምፆች ቀስ በቀስ ያጠፋል። ይህ ሲሠራ ማሽኑ ይጠፋል፣ ክሮች ሁሉ ይርቃሉ። ዲማግኔታይዘሩም ከሄዱ ርቆ ይበራና ቀስ ብሎ ይቀርባል፤ ሲመለስም እንዲሁ ቀስ ብሎ ርቆ ይጠፋል። አጠገቡ እንዳለ ቢጠፋ ሄዱን ከበፊቱ ይበልጥ ማግኔት ያደርገዋል።

ልኬት

ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፦ መጀመሪያ ማጫወቻው፣ ከዚያ መቅጃው። የመቅጃው ሥራ የሚመዘነው በማጫወቻው በኩል ስለሆነ፣ ማጫወቻው ከተሳሳተ ቀጥሎ የሚደረገው ሁሉ ይሳሳታል።

ለማጫወቻው የታወቀ ልክ የተቀዳበት የመለኪያ ክር ያስፈልጋል። ክሩ ውድ ነው፤ ከጽዳቱ በፊት አይጫንም። የሄዱ ቀጥተኛነት በመጀመሪያ በ1 ኪሎኸርዝ፣ ከዚያ በ10 ኪሎኸርዝ ይስተካከላል። በቀጥታ በ10 የጀመረ ጠጋኝ ሐሰተኛውን ጫፍ እውነተኛ አድርጎ ሊወስድ ይችላል። የሁለቱ ቻናሎች ሞገድ በኦሲሎስኮፕ ሲታይ ስህተቱ ወዲያው ይለያል። ክሩ የተቀዳበት ሥርዓትም መታወቅ አለበት፦ በ19 ሴንቲሜትር ፍጥነት የአሜሪካው ናብ 50፣ የአውሮፓው አይኢሲ ደግሞ 70 ማይክሮሰከንድ ይጠቀማሉ።

በመቅጃው በኩል ዋናው ባያስ ነው። ሲያንስ ድምፁ ይሻክራል፤ ሲበዛ ቀጭኑ ድምፅ ይዳከማል። በዝቅተኛ መጠን 10 ኪሎኸርዝ እየተቀዳ ባያሱ ድምፁ ጫፍ እስኪደርስ ይጨመራል፤ ከዚያም የክሩ አምራች በሚያዝዘው ዴሲቤል እስኪወርድ ድረስ ይቀጥላል። የክር ዓይነት ሲለወጥ ይህ ሥራ እንደገና ይሠራል።

የሚጣበቁ ክሮች

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተሠሩት አንዳንዶቹ ክሮች እርጥበት ስለሳቡ በሄዱ ላይ ይጣበቃሉ፣ ሽፋናቸውም ይላጣል። እንዲህ ያለው ክር አንድ ጊዜ እንኳ ቢጫወት የተቀዳው ሊጠፋ ይችላል። በ54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለሰዓታት ሲደርቅ ለጊዜው ይድናል፤ በዚያው ጊዜ ወደ ሌላ መገልበጥ ይኖርበታል። የወጥ ቤት ምድጃ ሙቀቱ ስለሚዋዥቅ ለዚህ አይሆንም። የቆዩት የአሴቴት ክሮች ግን በጭራሽ አይሞቁም።