የባቄላው ክክ የት ሄደ?

ዓለም ከተማ ላይ ያለች አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ባቄላ እንዴት እንደሚበቅል ለማየት ትምህርት ቤት እስክትገባ አልጠበቀችም። በዐቢይ ጾም እናቷ ባቄላ ዘፍዝፋ ታሳድራለች፤ ውኃውን አጥልላ በጨርቅ ትሸፍነዋለች። በሁለት ሦስት ቀን ነጭ ጫፍ ብቅ ይላል። በቆልት ሆነ ማለት ነው፤ ይቀቀላል፣ ይበላል። የጠላው ብቅልም በገብስ እንዲሁ ይሠራል። በቆልትና ብቅል ሁለቱም የወጡት "በቀለ" ከሚለው ግሥ ነው።

ታዲያ መምህሩ ብርጭቆ ውስጥ እርጥብ ጥጥ አድርጎ፣ ባቄላ አስቀምጦ "ተመልከቱ" ሲላት ምን አዲስ ነገር ያሳያታል? ቀላል ጥያቄ ይመስላል። በአገራችን ግን የገበሬ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ከአፈር ጋር ምን ይሠራል የሚለው ነገር መንግሥት እስከ መነቅነቅ ደርሷል።

በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ትልቁ ሥራው ቋንቋ ማስተማር ነበር። አገሪቱ አስተርጓሚና ጸሐፊ ፈልጋለች፤ ባቄላ የሚያበቅል ሞልቷታል። ከጣሊያን ወረራ በኋላም ሳይንስ በእንግሊዝኛ ተቀመጠ። አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ የሆነው በ1956 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በደብረ ብርሃን የማኅበረሰብ ትምህርት ቤት መምህራን ማሠልጠኛ ተከፍቶ፣ መምህሩ ከፊደል ጋር እርሻና ጤና አጠባበቅ ይዞ ወደ ገጠር እንዲወርድ ተሞክሮ ነበር። ለመርሐቤቴ ቅርብ የሆነው ሙከራ ይኸው ነው።

ከዚያ በ1964 ዓ.ም. ያለቀው የትምህርት ሴክተር ጥናት መጣ፤ ብዙዎች "ሴክተር ሪቪው" ሲሉ የሚያስታውሱት። ሐሳቡ በወረቀት ሲታይ ክፉ አልነበረም። ለብዙኃኑ ልጅ ከገጠር ኑሮ ጋር የተያያዘ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይዳረሳል፤ ወደ ላይ የሚያልፉት ግን ጥቂቶች ይሆናሉ። ወላጅ የሰማው ይህን ሁለተኛውን ነው፦ የድኻ ልጅ ድኻ ሆኖ፣ የገበሬ ልጅ ገበሬ ሆኖ ይቅር። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ከደመወዝ ጥያቄያቸው ጋር ይህም ተቃውሞ ነበረበት፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማቆየት ተገደደ። እኔ ወላጆቹን አልፈርድባቸውም። ልጁን ከሞፈር እንዲያወጣለት ትምህርት ቤት የላከ አባት፣ ትምህርት ቤቱ መልሶ ሞፈር ሲያስጨብጠው ምን ይበል?

ደርግ ነገሩን በሌላ ስም አመጣው። ትምህርት ለምርት፣ ለሳይንሳዊ ምርምርና ለፖለቲካ ንቃት ይዋል ተባለ፤ እርሻና እጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ተሰጣቸው፤ የትምህርት ቤት ጓሮዎች ተቆፈሩ። በዚያ ዘመን የተማራችሁ ታስታውሱታላችሁ፦ አብዛኛውን ጊዜ ስንት መደብ ቆፈርክ ተባልን እንጂ ምን አየህ አልተባልንም። ያረፈደ ተማሪ ቅጣቱም ኩትኳቶ ነበር። አፈሩ ጉልበት የሚወጣበት እንጂ ዓይን የሚሠራበት አልሆነም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ አካባቢ ሳይንስን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ለታችኞቹ ክፍሎች ሰጠ። እዚህ ላይ ወደ ብርጭቆው እንመለስ፤ ምክንያቱም ብርጭቆው አንድ የትርጉም ስሕተት ያጋልጣል።

እንግሊዝኛው "ቢን" ሲል ባቄላም ቦሎቄም ሊሆን ይችላል። በዓለም የመማሪያ መጻሕፍት ተደጋግሞ የሚሣለው ቦሎቄ ነው። ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እህል ነው፤ ሲበቅል ሁለቱን ክኮቹን ተሸክሞ ከአፈር በላይ ይወጣል። የእኛ ደጋ ባቄላ እንዲህ አያደርግም። ክኩን አፈር ውስጥ ትቶ ቡቃያውን ብቻ ይልካል። (ክክ የሚለውን ቃል ሳይንሱ የተዋሰው ከወጥ ቤት መሆኑ ደስ ይለኛል።) ሥዕሉ እንዳለ ተቀድቶ ከሥሩ "ባቄላ" ከተጻፈበት፣ ልጅቷ ሁለቱን ወፍራም ክኮች ስትጠብቅ ትከርማለች። እነሱ ግን አይወጡም። ያኔ የመጽሐፉን ሥዕል የምታምን ልጅ የሠራችው ስሕተት ይመስላታል። ብርጭቆው ፊት ለፊቷ ያለ ልጅ ግን "መምህር፣ ክኩ የት ሄደ?" ትላለች።

እናቷ በሦስተኛው ቀን የምትቀቅለውን ክፍሉ እንዲቀጥል ይተወዋል። ቡቃያው ወደ አፈር ይዛወራል፣ ያብባል፣ እሸት ያፈራል፣ ደርቆ መልሶ ዘር ይሆናል። ሲነቀል ሥሩ ላይ ያሉት ትናንሽ እባጮች ይታያሉ፤ ከአየር ናይትሮጅን የሚይዙ ባክቴሪያዎች ያሉባቸው ናቸው። አባቷ ከባቄላ በኋላ ገብስ ሲዘራ ምርቱ የሚያምርለትም በዚህ ነው። ገበሬው ቆርምድ የሚለው የባቄላ በሽታ በሰሜን ሸዋ ደጋ ማሳ ሲያጠፋ የከረመው ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ነው። ቅጠል በየቀኑ ማየት የለመደች ልጅ እብጠቱን ቀድማ ታየዋለች።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በግጭቱ ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። በቆልቱ ግን በየቤቱ ይዘፈዘፋል። ከሚቀቀለው ላይ አምስት ፍሬ ማስቀረት፣ ብርጭቆ ከጠፋ በተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ማድረግ፣ በየማለዳው ያዩትን በደብተር መሣል ይቻላል። ክኩ የት እንደሄደ ግን ቀድማችሁ አትንገሯቸው።