ጉለሌ ያረፈው አብራሪና አውሮፕላን የገዛችው ነርስ

እስቲ ጠጋ በሉማ። ጉለሌን ታውቋታላችሁ፤ ሽሮ ሜዳን፣ ሸማኔዎቿን፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች። እኔ ግን ዛሬ ወደ መካነ መቃብሯ ልውሰዳችሁ። እዚያ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አርፏል፤ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ይባላል። መጋቢት 1946 ዓ.ም. ለታማሚ ደም ለማድረስ ሲበር አዲስ አበባ ላይ ተከሰከሰ፤ በዚያው ጉዳት ሞተ። የእሱን ጀግንነት ብዙዎች ተርከውታል። እኔ የማወጋችሁ በእሱ ዘመን ስለበረሩት ሴቶች ነው።

ሮቢንሰን ቺካጎ ውስጥ መካኒክ ነበር። የአቪዬሽን ትምህርት ቤቱ ጥቁር አልቀበልም ቢለው በጽዳት ሠራተኝነት ገባ፤ መጥረጊያውን ይዞ ትምህርቱን ከጥግ ያዳምጥ ነበር ይባላል። ኋላ ተፈቅዶለት ተማረ። ከጓደኛው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር ሆነው የጥቁር አብራሪዎች ማኅበር መሠረቱ፤ ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች መንደርም በገዛ እጃቸው ማኮብኮቢያ ደለደሉ። ታዲያ ማኮብኮቢያ ብቻውን ይበራል? አውሮፕላን የለማ!

ከተማሪዎቻቸው አንዷ ነርስ ነበረች፤ ጃኔት ሃርመን። ሠርታ ካገኘችው ገንዘብ 600 ዶላር አውጥታ ለማኅበሩ የመጀመሪያውን አውሮፕላን ገዛች። የወንዶቹ ስም ሲነሳ ይህ ይዘለላል፤ አልወደውም። ነዳጅ የሚጠጣ ነገር በአየር ላይ የሚቆመው በአንድ ሰው ቦርሳ ነው፣ ያ ቦርሳ ደግሞ የእሷ ነበር።

በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ጥርሱን ሲያፋጭብን፣ አሜሪካ ሕክምና ያጠና የነበረው መላኩ በያን ሮቢንሰንን ለጃንሆይ አገኘላቸው። ሰውዬውም በግንቦት ወር ተነስቶ መጣ፤ የአየር ኃይላችንም አዛዥ ሆነ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዓድዋ በቦምብ ስትደበደብ እዚያው ነበር። አየር ኃይል ስንል ግን እንዳትሳሳቱ፤ በጣት የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ መሣሪያ ያልታጠቁ አውሮፕላኖች ናቸው፤ መልእክትና መድኃኒት ያመላልሱ ነበር።

እኛም እኮ ሴት አብራሪ አላጣንም። ወይዘሮ ሙሉእመቤት እምሩ ከወረራው በፊት በረራ መማር ጀምረው ነበር። የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት አብራሪ የሚባሉት እሳቸው ናቸው። ጦርነቱ መጣና ትምህርታቸውን አቋረጠው።

ጦርነት ግን ለሁሉም ሴት አንድ ዓይነት አይደለም። እኛ ከነጻነታችን ማግስት ስንቋቋም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና አላበቃም ነበር፤ ሩሲያ ውስጥ ማሪና ራስኮቫ የምትባል እውቅ የበረራ አቅጣጫ መሪ ስታሊንን አስፈቅዳ የሴት አብራሪዎች ሬጅመንቶች አቋቋመች። ከመካከላቸው የሌሊት ቦምብ ጣዮቹ የታጠቁት ከእንጨትና ከሸራ የተሠራ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ነበር። ዒላማው ሲቀርብ ሞተሩን ያቀዘቅዙና በነፋስ ተንሳፍፈው ይደርሳሉ። ጀርመኖቹ «የሌሊት ጠንቋዮች» አሏቸው። በአንድ ሌሊት ደጋግመው ይወጡ ነበር፤ ጦርነቱ እስኪያበቃ ከ23 ሺህ በላይ ምልልስ አድርገዋል።

አሜሪካም ዋስፕ የሚባል የሴት አብራሪዎች ቡድን አቋቋመች። ከፋብሪካ ወደ ጦር ሰፈር አውሮፕላን ያደርሳሉ፤ ለተኳሾች መለማመጃ ዒላማ እየጎተቱ ይበራሉ፤ ጥይቱ እውነተኛ ነው! 1,074 ተመረቁ፤ 38ቱ ሞቱ። ሠራዊቱ ግን እንደ ሲቪል ስለቆጠራቸው፣ የሞተች ስትኖር አስከሬኗ የሚሸኘው በቤተሰብ ወይም በጓደኞች መዋጮ ነበር። የጦር አርበኛነት መብታቸው የተረጋገጠው በፈረንጆቹ 1977 ነው።

የእኛዋ ጃኔትስ? በፈረንጆቹ 1943 ዋስፕ ለመግባት አመለከተች። ቃለ መጠይቅ ያደረገችላት ነጭ ሴት ጥቁር መሆኗን ስታይ ግራ ገባት፤ ቆይቶ የእምቢታ ደብዳቤ መጣ። እሺ፣ በነርስነቴ ልዝመት አለች። የጥቁር ነርሶች ኮታ ሞልቷል ተባለች። የንግድ በረራ ፈቃድ ለማውጣት አላባማ፣ ቱስኪጊ ድረስ ወርዳ ተፈተነች። ፈታኙ በአበራረሯ ላይ እንከን አላገኘም፤ ለጥቁር ሴት ግን ፈቃድ አልሰጥም አለ። ቺካጎ ተመልሳ እንደገና ተፈተነችና ተሰጣት።

ጓደኛዋ ዊላ ብራውን ደግሞ ከኮፊ ጋር ሆና በምትመራው የበረራ ትምህርት ቤት ወንዶችን ታሠለጥን ነበር። ከእነሱ ብዙዎቹ የታወቁት የቱስኪጊ ጥቁር አብራሪዎች ሆነው ዘመቱ። አስተማሪቷ ቀረች።

ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም. ግድም ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ የእኛን ልጆች ሲያሠለጥን፣ ጃኔት እዚያው ቺካጎ ቀረች። የአረጋውያን መጦሪያ ከፈተች፤ ለብዙ ዓመታትም ለራሷ ደስታ በረረች። በኋላ አሜሪካ ለትምህርት የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ትረዳ ጀመር። ከመካከላቸው ስንቱ የዚህችን ሴት ወጪ ያውቅ ኖሯል?