የዕፅዋት ዘይት የወባ ትንኝ እጭን ለማጥፋት ያለው ጠቀሜታና ገደብ

የወባ በሽታን የምታስተላልፈው ትንኝ የእንቁላል፣ የእጭና የሙሽሬ የዕድገት ደረጃዎቿን የምታሳልፈው ውኃ ውስጥ ነው። እጩ መብረር የማይችልና ከተፈለፈለበት ውኃ የማይርቅ በመሆኑ፣ በዚህ ደረጃ ማጥፋቱ በሽታውን ከምንጩ ለመከላከል ከሚያስችሉ ዘዴዎች አንዱ ነው።

ዘይት እጭን የሚያጠፋው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው በውኃው ገጽ ላይ በስሱ ተንጣሎ እጩ የሚተነፍስባቸውን ቀዳዳዎች መድፈን ሲሆን፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በፓናማ ቦይ ግንባታ ወቅት የነዳጅ ዘይት ለዚሁ ዓላማ ውሏል። ሁለተኛው በዕፅዋቱ ውስጥ ያለው ውሕድ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ለአብነትም ከኒም ፍሬ የሚገኘው አዛዲራክቲን የእጩን ቆዳ መቀየር የሚቆጣጠሩትን ሆርሞኖች ያውካል። ከጠጅ ሣርና ከባሕር ዛፍ የሚወጡ ዘይቶችም እጭን የመግደል ባሕርይ አላቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በቤተ ሙከራ እጮች በተለያየ መጠን የተበጠበጠ መድኃኒት ባለበት ውኃ ውስጥ ይቀመጡና የሞቱት ከ24 ሰዓት በኋላ ይቆጠራሉ። ይሁንና በቤተ ሙከራ የታየው ውጤት በመስክ ላይደገም ይችላል። ጠረን ያላቸው ዘይቶች ቶሎ ይተናሉ፤ አዛዲራክቲንም በፀሐይ ብርሃን ይፈራርሳል። የዘይቱ ይዘትም እንደ አፈሩ፣ እንደ ወቅቱና እንደ አወጣጡ ይለያያል።

በኢትዮጵያ ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ አኖፌለስ አረቢየንሲስ በአብዛኛው የምትራባው ዝናብ በሚፈጥራቸው ጊዜያዊ ኩሬዎች በመሆኑ ሁሉንም ማዳረስ አዳጋች ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ግን በከተማ በርሜሎችና የውኃ ማጠራቀሚያዎች ትራባለች። በ2022 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ የተከሰተው የወባ ወረርሽኝም ከዚህችው ትንኝ ጋር ተያይዟል።

እጭን በመድኃኒት ማጥፋት ለአጎበርና ለቤት ውስጥ ርጭት ደጋፊ ሆኖ የሚመከረው የመራቢያ ቦታዎቹ ጥቂት፣ ቋሚና በቀላሉ የሚገኙ ሲሆኑ ነው። የከተማ ማጠራቀሚያዎች ይህን መስፈርት ቢያሟሉም፣ ውኃው ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ሊውል ስለሚችል ጥንቃቄው የላቀ ሊሆን ይገባል። የመድኃኒቱ ምንጭ ተክል መሆኑ ብቻ ለደኅንነቱ ዋስትና አይሆንም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያረጋገጡት እንዶድ ለዓሣም መርዝ ነው።

በመሆኑም ፍቱንነቱና ደኅንነቱ ያልተረጋገጠ ዘይት በማጠራቀሚያ ውኃ ላይ መጨመር አይገባም። ማጠራቀሚያዎችን አጥብቆ መክደንና በየሳምንቱ ውኃውን ደፍቶ ግድግዳቸውን ፈትጎ ማጠብ ግን ያለ መድኃኒትም የትንኟን መራባት የሚገታ ተግባር ነው።