በጥይት ያልሞቱት፤ ከመልካ ዲዳ እስከ ታቬታ

እንደሚታወቀው ስለ ጦርነት ሲወራ ልጆቻችን የሚሰሙት የጀግኖችን ስምና የጥይቱን ድምፅ ነው። በጦር ሰፈር ውስጥ በወባና በተቅማጥ ስላለቀው ሰው ግን ብዙም አይነገራቸውም። በዚህ የማኅበራችን ኢዮቤልዩ መጽሔት ላይ ስለዚሁ ጥቂት ለማለት የተነሣነው ታሪኩ እስከ ኬንያ ምድር ስለሚደርስ ነው።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን በሶማሌ በኩል ሲገፋ ራስ ደስታ ዳምጠው የሲዳሞን ጦር ይዘው ወደ ዶሎ ወረዱ። ወታደሩ ደጋ የለመደ ነው። በሶውንና ቋንጣውን ራሱ ተሸክሞ፣ አለዚያም ሚስቱና አሽከሩ ተሸክመውለት ነው የሚዘምተው። ጦሩን የሚከተል የተደራጀ የሕክምና ክፍል አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል እንኳ የተቋቋመው ጦርነቱ ሊጀመር ሦስት ወር ያህል ሲቀረው፣ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። አገሩ ሳለ ኮሶ ጠጥቶ ሆዱን የሚያጸዳ ሰው ለገናሌ ወባ ምን መላ ነበረው? ስንቁ ሲያልቅ ደግሞ ረሃቡ አደከመው፤ ተቅማጡም ተከተለ።

ለዚህ ጦር የደረሰለት በዶክተር ፍሪዴ ሂላንደር የሚመራው የስዊድን ቀይ መስቀል ነው። ድንኳኑን በገናሌ ወንዝ አጠገብ መልካ ዲዳ ላይ ተከለ። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች መጡና ያንን ሐኪም ቤት በቦምብ ደበደቡት። የቀይ መስቀል ምልክቱ በግልጽ ይታይ ነበር። ብዙ ሕሙማን በተኙበት አለቁ፤ ጉናር ሉንድስትረም የተባለ ስዊድናዊ ሞተ፤ ዶክተሩም ቆሰሉ። እሳቸውን በቀይ መስቀል አውሮፕላን ያወጣቸው ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ነው። ጣሊያኖች ደገሃቡር ላይ ስለተገደለ አብራሪያቸው የተደረገ ብቀላ ነው አሉ። በወባ ተኝቶ የሚንቀጠቀጥ ገበሬ በዚያ ምን ዕዳ አለበት? ይህን ሰበብ እኛ ዛሬም አንቀበለውም።

ሐኪም ቤቱ ከተመታ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግራዚያኒ ያንኑ የተዳከመ ጦር አጠቃ። ራስ ደስታ ግን አንድ ዓመት ያህል ተዋግተው በየካቲት 1929 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ። በዚያ ዘመን ከደቡብ ጦር የተረፉት ድንበር ተሻግረው ኬንያ ገቡ፤ ቁጥራቸው በሺዎች ነው። እንግሊዞች ኢሲዮሎ አሰፈሯቸው። ከጣሊያን ጦር ከድተው የመጡ ኤርትራውያንም አብረው ነበሩ። ኢሲዮሎ ያኔ ከሰሜን የሚነዳ ከብት በሽታ እንዳያዛምት ተይዞ የሚመረመርበት ቦታ ነበረች፤ የእኛም ሰዎች እዚያው ተያዙ።

ከዚያ ወደ ታቬታ ተዛወሩ። ታቬታ ከኪሊማንጃሮ ግርጌ፣ ከጂፔ ሐይቅ ብዙ ሳይርቅ ያለ የወባ አገር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝና ጀርመን እዚያ ሲዋጉ በሽታው ከጥይቱ የባሰ ነበር። ለሸቀጥ የምንመላለስበት የናይሮቢው ካሪያኮር ገበያ ስሙን ያገኘው በዚያ ጦርነት ዕቃ ይሸከም ከነበረው የአፍሪካውያን ጓድ ነው። ከእነዚያ ተሸካሚዎች ከ40,000 በላይ ሞተዋል፤ አብዛኞቹን የገደላቸው በሽታ ነው። ለወጉ ያህል ያልበሰለ የበቆሎ ዱቄት ይሰጧቸው ስለነበር አንጀታቸው ተጎድቶ በተቅማጥ አለቁ። ገበያተኛው ሁሉ ስሙን ይጠራዋል፤ የስንት ሰው መታሰቢያ እንደሆነ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ስትገጥም ግን በካምፕ ይዘዋቸው የነበሩት ሰዎች ድንገት ተፈላጊ ሆኑ። ከታቬታ ተመልምለው ካርቱም ሄዱ፤ በሜጀር ቦይል ሥር ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ተባሉ። በ1933 ዓ.ም. ጎጃም ገብተው በደምበጫ መንገድ በቻረቃ ወንዝ ላይ ከጣሊያን ጋር ተፋልመዋል።

የእነዚህ ታሪክ በመጻሕፍት ገብቷል። በኢሲዮሎና በታቬታ አፈር የቀሩት ግን ስማቸው የተቀረጸበት ድንጋይ እኛ አላየንም። ከመካከላችን አያቱ ወይም አያቷ በዚያ ካምፕ ያለፉ ቤተሰብ ካለ፣ ስማቸውን፣ የአገራቸውን ስምና የሚያስታውሰውን ሁሉ ለማኅበሩ ጸሐፊ እንዲያደርስልን እንለምናለን። መዝገቡ ተከፍቷል።