ፍርዱ በአንድ እጅ፣ ዜግነቱ በሌላው

የአሜሪካ ፍርድ ቤት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን የጥገኝነት ጉዳይ ነው። ወረቀት ተሰጠው፣ ወረቀት ተከለከለ። ዛሬ ግን እስቲ ሐበሻ ሐበሻን አትላንታ ላይ ገትሮ ስላስፈረደበት መዝገብ እናውራ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው አዲስ አበባ ነው። በቀይ ሽብር ዘመን የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሰዶ አትላንታ ውስጥ ሆቴል ተቀጠረ። በዚያው ሆቴል አንዲት ኢትዮጵያዊት አስተናጋጅ ትሠራ ነበር። አየችው፤ አወቀችው። ለካስ ካሰቃያት ሰው ጋር አንድ ቤት እንጀራ እየበላች ኖሯል! እሷና እንደ እሷ የተገረፉ ሌሎች ሁለት ሴቶች በ1990 ከሰሱት።

በምን ሕግ? ትሉ ይሆናል። ድርጊቱ የተፈጸመው አዲስ አበባ፣ ገራፊም ተገራፊም ኢትዮጵያውያን። መልሱ በ1789 የወጣ አጭር ሕግ ነው። የውጭ አገር ዜጋ ዓለም አቀፍ ሕግን በሚጥስ ድርጊት ከተበደለ በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ካሳ መጠየቅ ይችላል ይላል። ሁለት መቶ ዓመት ገደማ አንቀላፍቶ የቆየውን ይህን ሕግ የቀሰቀሰው፣ ልጃቸው ተሰቃይቶ የተገደለባቸው የፓራጓይ ቤተሰቦች ኒውዮርክ ላይ ያገኙት የ1980 ውሳኔ ነው።

በ1993 የአትላንታው ዳኛ ለእያንዳንዷ ከሳሽ 500,000 ዶላር ፈረዱ። ቀልቤሳ ይግባኝ አለ፤ ጉዳዩ ፖለቲካ ስለሆነ ፍርድ ቤት አያገባውም ሲል ተከራከረ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በ1996 ፍርዱን አጸናው።

አሁን ዓመቶቹን ልብ በሉልኝ። ፍርዱ 1993፣ የይግባኙ ውሳኔ 1996። መሐል ላይ፣ በ1995፣ ያው የአሜሪካ መንግሥት በሌላ እጁ ለቀልቤሳ ዜግነት ሰጠው! አንዱ መሥሪያ ቤት ገራፊ ነህ ያለውን ሌላው እንኳን ደስ ያለህ አለው። ዜግነቱን ያጣው በ2004 ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ በውጭ አገር ሰው ያሰቃየን ከአሜሪካ ማባረር የሚያስችል ሕግ ወጣ፤ በ2005 መጀመሪያ ቀልቤሳ በዚሁ ሕግ ተያዘ። በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ሲላክ፣ በ2002 በሌለበት የተፈረደበት የዕድሜ ልክ እስራት ይጠብቀው ነበር።

ታዲያ የአትላንታው ፍርድ ምን ፈየደ? የሆቴል ሠራተኛ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ከየት ያመጣል? ይህን የሚሉ አልጠፉም። እኔ ግን የፍርዱ ዋጋ ገንዘቡ አይመስለኝም። ሦስት ሴቶች ምለው መሰከሩ፣ ተከሳሹም መልስ ሰጠ፣ ዳኛውም አመዛዝነው ማን ምን እንዳደረገ በጽሑፍ አሰፈሩ። ዜግነቱን ለመንጠቅ የተነሳው መንግሥት ያ መዝገብ ተዘጋጅቶ ጠብቆታል።

ዛሬ ያ በር ጠቧል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2004 የ1789ኙን ሕግ ወሰን አጠበበው፤ በ2013 ደግሞ ሙሉ በሙሉ በውጭ አገር ለተፈጸመ በደል እንደማይሠራ ወሰነ። ለተገረፈ ሰው የቀረለት የ1992ቱ የስቃይ ሰለባዎች ሕግ ነው፤ እሱም የ10 ዓመት ገደብ አለው። መንግሥት ራሱ ሲከስ የሚመርጠው መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። በ2014 ዴንቨር ላይ አንድ የቀይ ሽብር ገራፊ 22 ዓመት ተፈረደበት። የተከሰሰው ግን በሰው ስም ገብቶ፣ ዋሽቶ ዜግነት በማግኘቱ ነው።

22 ዓመት ቀላል ቅጣት አይደለም። ግን የተገረፈች እናት ልጆቿ የፍርዱን ወረቀት ቢያገላብጡ፣ ሰውዬው የተቀጣው ቅጽ ላይ በመዋሸቱ ሆኖ ያገኙታል። የአትላንታዎቹ ሦስት ሴቶች ወረቀት ላይ ግን የተጻፈው ግርፋት ነው።